«ለሰላምታ 500 ብር?»፦ የቦቄ ሕመምና የዶክተሩ ሒሳብ

እናቴ ደወለች። «ደህና ነህ» የለ፣ «በላህ» የለ። «ይሄ ልጅ ሰላም ሊለኝ መጥቶ 500 ብር ጠየቀኝ» አለች።

ልጁ የከብቶቻችን ሐኪም ነው። ሠላሳ ዓመት ዘለል ቢል ነው። ስትደሰትበት «ዶክተርዬ» ትለዋለች፣ ስትናደድበት «ይሄ ልጅ»። ስለዚህ ነገሩ እንደተበላሸ ከመጀመሪያው ቃል ገባኝ።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ቢሾፍቱ ሦስት የሚታለቡ ላሞችና አንድ ጊደር አሏት፣ ታናሽ ወንድሜ ያግዛታል፣ የላሞቹን ደብተር ደግሞ በስልክ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስንት ሊትር ታለበ፣ መኖው ፉሩሽካ በስንት ገባ፣ ማን መጥቶ ምን ወጋ፣ ስንት ወሰደ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እሷ ስታወራ እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። በዚህ ጉዳይ ግን ደብተሩ ጠቀመን። «ዶክተሩ በዘበዘን» እና «ዶክተሩ አዳነን» የሚሉት ሁለቱም በአስር ቀን ልዩነት ከአንድ አፍ ሲወጡ ሰምቻለሁ፤ እውነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ቀን በቀን መለስ ብሎ ማየት ግድ ነበር።

ጊዜው መጋቢት 2017 ነው፣ ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ወተት የሚሸጥ ሰው ይህን ወቅት ያውቀዋል። 55 ቀን ሙሉ ገዢው ይጾማል፣ ላሟ ግን አትጾምም። ሰብሳቢው ሊትሩን ከ80 ወደ 65 ብር አውርዶት ነበር። የመኖው የፋጉሎ ዋጋ ግን ወይ ፍንክች።

ሐሙስ መጋቢት 4 ጠዋት ወንድሜ ወተቱን ይዞ ሄደ። የሚረከበው ልጅ እንደ ሁልጊዜው በትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ቀድቶ አልኮል ጨመረበት፣ ነቀነቀው፣ ወተቱ ተበጣጠሰ። «ይሄን አልቀበልም» ብሎ መለሰው። መኮምጠጥ የጀመረ ወተት እንዲህ ያደርጋል፣ ከታመመ ጡት የወጣም እንዲሁ። ንጋት ላይ የታለበ ወተት ደግሞ በግማሽ ሰዓት አይኮመጥጥም። ማታ እናቴ ልታልብ ስትቀመጥ ቦቄ ረገጠቻት። ቦቄ ረግጣ አታውቅም፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ሕፃን ሆዷ ሥር ቢገባ እንኳ የማትነቃነቅ ላም ናት። የኋላ ግራ ጡቷ ቀልቷል፣ አብጧል፣ እጅ ሲያርፍበት ይፋጃል። የወጣው ደግሞ ወተት ሳይሆን ውሃ ላይ የተበተነ አይብ የመሰለ ነገር ነበር።

ዶክተሩ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሞተር ደረሰ። ሙቀቷን ለካ፣ 40.4። የጤነኛ ላም ሙቀት 38.5 አካባቢ ስለሆነ ትኩሳት አላት ማለት ነው። ከዚያ አራት ጎድጓዳ ቦታ ያላት ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ አወጣ። ከአራቱም ጡቶች ለየብቻ ትንሽ ትንሽ አለበባትና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ፈሳሽ ጨምሮ አዟዟራት። ጡት ሲታመም ሰውነት የሚልካቸው ተከላካይ ሕዋሳት ወተቱ ውስጥ ይበዛሉ፣ እነሱ ሲበዙ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የኋላ ግራው እንደ እንቁላል ነጭ ተጓተተ። ሁለቱ እንደ ውሃ ፈሰሱ። የፊት ቀኙ ላይ ዶክተሩ ትንሽ አመነታ፣ ባትሪውን አስጠግቶ አየ፣ «ይቺኛዋ አጠራጠረችኝ፣ በኋላ እናያታለን» አለ። ያንን ቃል ማንም ልብ አላለውም።

የታመመውን ጡት አንጠፍጥፎ አለበ፣ የትኩሳትና የሕመም ማብረጃ ወጋ፣ በጡቷ ቀዳዳ የሚገባውን የአንቲባዮቲክ ቱቦ ሰጣት፣ ለሁለት ምሽት የሚሆን ሁለት ቱቦ ደግሞ አስቀመጠ። ካርቶኑ ላይ በእስኪርብቶ «ወተት ከመጨረሻው ቱቦ በኋላ 72 ሰዓት ለማንም አይሰጥም» ብሎ ጻፈ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ለመምጣቱ 800፣ ለመድኃኒቱ 1,450 ብር። እናቴ ትንፍሽ አላለችም። ሲሄድ «መጥቼ አያታለሁ ማዘር» አላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለችው። ጭቅጭቁ በሙሉ የተቀበረው እዚህች ላይ ነው። እሱ የሥራ ቀጠሮ ነው የያዘው። እሷ የሰማችው ደግነት ነው።

ዓርብ ዶክተሩ መጣ። ሰባት ደቂቃ፣ ወንድሜ ቆጥሮታል። ሙቀት 39.2፣ እብጠቱ ጎደል ብሏል፣ ሁለተኛ መርፌ ወጋ። ከዚያ ወንድሜ ቱቦውን ሊያስገባ ሲል የጡቷን ጫፍ ሳይጠርግ አየውና አስቆመው፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እየጠረገ እንዴት እንደሚገባ አሳየው። ቆሻሻ ጫፍ ላይ ቱቦ መክተት አዲስ ጀርም በእጅ ማስገባት ነው። 500 ብር። እናቴ ትንሽ ፊቷን አጠቆረች፣ ግን ከፈለች። መርፌ ወግቷላ።

ቅዳሜ ደግሞ መጣ። ማንም አልጠራውም። ሰፈር ውስጥ ሌላ ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው የገባው። የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም። በረቱ በር ላይ ቆሞ «ትበላለች?» አለ፣ «ትበላለች»። «ወተቱን እየደፋችሁ ነው?» «እየደፋን ነው»። ወደ ጡቷ ጎንበስ ብሎ አየ፣ «ጎበዝ፣ ወርዷል፣ ማታ የመጨረሻውን ቱቦ ስጧት» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። አራት ደቂቃ ቢሞላ ነው። 500 ብር። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው።

የእናቴ ክርክር ቀላል አይደለም፣ ቀለል አድርጌ ላቅርበው አልፈልግም። «እኔ ክሊኒክ ስሄድ» አለች፣ «ካርድ አወጣለሁ። ደም ሰጥቼ፣ ውጤት ይዤ ስመለስ ዶክተሩ ድጋሚ ካርድ አውጪ አይለኝም። የቦቄ ካርድ መቼ አለቀ?» ሳቅሁ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። ሰው ሲታከም የለመድነው እንዲያ ነው። አንዴ ትከፍላለህ፣ ለተወሰነ ቀን ይሠራልሃል፣ ክትትሉ የመጀመሪያው ክፍያ አካል ነው። ለላም ሲሆን ለምን በየበሩ ይቆጠራል?

ልዩነቱ የቆየ ነው፦ እኛ ወደ ክሊኒኩ እንሄዳለን፣ የከብት ሐኪም ግን ወደ ላሟ ነው የሚመጣው። ቢሾፍቱ ሐኪም የሞላባት ከተማ ናት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚያው ነው፣ የአገሪቱን የከብት ክትባት የሚያመርተው ተቋምም እዚያው ነው። ግን ትኩሳት ያላትን፣ ጡቷ ያበጠን ላም አስፋልት ለአስፋልት እየጎተትክ ለክትትል አትወስዳትም። ስለዚህ «አምስት ደቂቃ» የምንለው እኛ ያየነውን ብቻ ነው። እሱ ዘንድ ከነመንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እሺ፣ ቅዳሜስ?» አለች። ቅዳሜማ ሰፈር ውስጥ ነበረ። መንገዱን ሌላው ቤት ከፍሎለታል። እዚህ ላይ ረታችኝ።

እኔም በበኩሌ አንድ የማይረባ ክርክር ሞክሬ ነበር። ደብተሩን አውጥቼ፦ ቦቄ ጤነኛ ሳለች በቀን 16 ሊትር ትሰጣለች፣ አንድ ጡት ብትደርቅ በትንሹ 4 ሊትር ይቀራል፣ በጾሙ ዋጋ እንኳ በቀን 260 ብር ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ክትትሎች በአራት ቀን ራሳቸውን ይመልሳሉ። አስቤ ሳበቃ ራሴ አፈርኩ። በዚህ ስሌት 10,000 ብር ቢጠይቅም «ተገቢ ነው» ልል ነው። የሠራው ሥራ ዋጋ እኔ ልከስር በምችለው ልክ ከተቆረጠማ የታመመች ላም ያለው ሰው ሁሉ አንገቱ በገመድ ገብቷል ማለት ነው። ዋጋው ከድካሙና ቀድሞ ከተነጋገርነው ነው መነሳት ያለበት። እኛ ደግሞ ምንም አልተነጋገርንም።

በመሀል አንድ ነገር ሆነ። እናቴ ወተት መድፋት አይሆንላትም። ቱቦው የገባው የታመመው ጡት ውስጥ ብቻ ነው፣ ከሌሎቹ ሦስት ጡቶች የታለበው ወተት ምን አለበት ብላ፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሊትር ለይታ እርጎ ልታረጋው አስቀመጠች። ሰኞ አልረጋም። ማክሰኞም አልረጋም። «እርጎ ሳረጋ ዕድሜዬን ጨረስኩ፣ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም» አለችኝ። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፣ መድኃኒቱ እነሱንም ይገላል፤ አንድ ጡት ውስጥ የገባ መድኃኒት ደግሞ በደም ዞሮ ሌሎቹም ጋ ሊደርስ ይችላል። ያ ወተት ጾም የማይጾም የጎረቤት ሕፃን ብርጭቆ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ዶክተሩ ቅዳሜ «እየደፋችሁ ነው?» ያለው ለዚህ ነበር። ይሁንና፣ ይህን በስልክም መጠየቅ ይቻል ነበር። ደግሞም ጠይቆ ነበር፣ እናቴ «እየደፋን ነው» ብላዋለች፣ በነጋታው አስቀመጠች። እንግዲህ ለዚህ የትኛው ሐኪም ምን ያደርጋል?

በነገራችን ላይ በጠቅላላ 11 እልበት ነው የተደፋው፣ በእያንዳንዱ 6 ሊትር ገደማ፣ 66 ሊትር። በ65 ብር 4,290። ከዶክተሩ የጉብኝት ክፍያ በሙሉ የሚበልጥ ብር መሬት ጠጣው፣ ስለሱ ግን ማንም አልደወለልኝም። ሰው የሚያንገበግበው ከእጁ ቆጥሮ የሰጠው ብር ነው መሰለኝ።

እሑድ መጋቢት 14 እኔም ቢሾፍቱ ወረድኩ። ዶክተሩ ለመጨረሻው ክትትል ሊመጣ ነው፣ እናቴ ደግሞ «ዛሬ ልክ ልኩን ነው የምነግረው» ብላ ተዘጋጅታለች። መጣ። ሙቀት አልለካም፣ መርፌም አላወጣም። ያቺን ነጭ ሰሌዳ ብቻ። አራቱንም አለበ፣ ወይን ጠጁን ጨመረ፣ አዟዟረ። የኋላ ግራው ፈሰሰ፣ ድኗል። የፊት ቀኙ ግን ተሰብስቦ መሀል ላይ ጉብ አለ። እናቴ ዝም አለች። ጡቷ አላበጠም፣ አልቀላም፣ ወተቱ በዓይን ሲታይ ንጹህ ነጭ ነው። እጅ ሳያውቀው ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው የጡት በሽታ ዓይነት ነው፣ ወተት ይቀንሳል፣ ወደ ሌላዋ ላም በአላቢው እጅና በመጥረጊያ ጨርቁ ይሻገራል፣ ባለቤቱ ግን «ፉሩሽካው ነው» እያለ ወራት ይቆያል። በደብተሬ ላይ ቦቄ ከጥር ጀምሮ በቀን አንድ ሊትር ያህል ስትቀንስ ተጽፏል። እኔው ነኝ የጻፍኩት። እኔም ፉሩሽካው ነው ብዬ ነበር።

ስድስት ደቂቃ። ምንም አልወጋም። ናሙና ወስዶ ኮሌጁ ላቦራቶሪ እንድናስመረምር፣ ቦቄን ከሁሉም በኋላ እንድናልባት፣ ለእያንዳንዷ ላም የየራሷ ጨርቅ እንዲኖራት ነገረን። 500 ብር። ከአራቱ ጉብኝቶች ለእኔ በጣም ርካሹ ይሄ ነው።

ቡና ተፈላ። ዶክተሩ ጾመኛ ስለሆነ ከድፎ ዳቦው ጋር ነው የጠጣው። የቅዳሜዋን ነገር እኔ አነሳሁለት፣ ምክንያቱም እናቴ ከዚያች ሰሌዳ በኋላ ወኔዋ ሸሽቷል። አልተቆጣም። «እውነትህን ነው፣ ቅዳሜ መቀበል አልነበረብኝም» አለ። ከዚያ ግን ሆዱ ውስጥ የቆየ ነገር አወጣ። ከ500ው 150 ያህሉ ቤንዚንና ሞተር ነው አለ። የሄደበት ሁሉ አይከፍለውም፣ «ጥጃዋ ስትሸጥ» የሚለው ብዙ ነው። ካልተመለሰ ደግሞ ላሟ ስትባባስ «እሱ ነው የገደላት» ይባላል።

በጣም የገረመኝ ሌላው ነው። «እኔም ክትትል በነፃ ማለት እችላለሁ» አለ። «ብዙዎች እንዲያ ነው የሚሠሩት። ግን በነፃ የመጣ ሐኪም መርፌ ሳይወጋ አይሄድም። ትርፉን ከመድኃኒቱ ነዋ የሚያወጣው። ማዘር ዓርብ ዕለት ከፈሉኝ፣ ስለወጋሁ። ቅዳሜ ተናደዱ፣ ስላልወጋሁ። ቅዳሜም አንድ የማያስፈልግ መርፌ ብወጋ ኖሮ አይደውሉልህም ነበር።»

እናቴ ስኒዋን እያየች ነበር። ትክክል ነው፣ አትደውልም ነበር። እኛ ቤት፣ ምናልባትም እኛ አገር፣ ሐኪም ሠራ የሚባለው ሲወጋ ነው። ሰውም ክሊኒክ ሄዶ «ምንም የለብህም፣ ውሃ ጠጣ» ተብሎ ሲመለስ የተዘረፈ ይመስለዋል። አዳቃዩ፣ ማለትም ያለ ኮርማ በመሣሪያ ዘር የሚያስገባው ባለሙያ፣ ካዳቀላት ከ21 ቀን በኋላ ቦቄ ድጋሚ ኮርማ ስትፈልግ ተጠርቶ ድጋሚ ያስከፍላል፣ እናቴ ታኮርፈዋለች ግን ትከፍላለች፣ በእጁ የሆነ ነገር ስለሠራ። ለዓይን የሚከፈል ብር ነው ከእጃችን የማይወጣው። ሐኪሙን ለማየት ብቻ ካልከፈልነው ደግሞ ለመውጋት እየከፈልነው ነው፣ ያ መርፌ ደግሞ ተመልሶ የማይረጋ እርጎ ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ በየጉብኝቱ ይለያያል፣ ደቂቃው ግን ከቁጥር አይገባም። ዓርብ ተገቢ ነው፦ በታመመች በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ባይወርድ ሕክምናው መቀየር ነበረበት፣ ያንን ደግሞ ቆሞ ካላዩ አይታወቅም። መጋቢት 14ም ተገቢ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ማታ «አጠራጠረችኝ» ያላትን ሊያረጋግጥ ነው የመጣው። ቅዳሜ ተገቢ አይደለም። ያልተጠራ፣ ከበር ያልዘለቀ፣ የምንመልስለት መልስ ምንም የማይቀይር፣ መንገዱ በሌላ ቤት የተከፈለ። ዶክተሩ በበኩሉ ያጠፋው ትልቁ ጥፋት ዋጋው አይመስለኝም። ሐሙስ ማታ «መጥቼ አያታለሁ፣ ሲመጣ 500 ነው፣ ሁለቴ ይበቃል» ቢል ኖሮ እናቴ ትደራደር ነበር፣ 400 ታደርገው ነበር፣ ከዚያ ነገሩ ያልቃል። እኛም አልጠየቅንም። «ስንት ነው?» ብሎ ሐኪምን ፊት ለፊት መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል፣ ከዚያ ለአስር ቀን ከኋላው ማማት ግን ነውር አይደለም።

የቅዳሜውን 500 ሊመልስ ኪሱ ገባ። እናቴ «ኧረ ተው፣ ምን በወጣህ» ብላ እጁን ያዘችው። ይሄ ሁሉ ጣጣ በዚያች ብር ነበር እኮ። ተገፋፉ፣ መጨረሻ ላይ 250 ተቀበለችና የተረፈውን ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ሞተሩ ላይ አሠረችለት። ከዚያ ወዲያ ከመምጣቱ በፊት እንዲደውል፣ በስልክ የሚያልቅ ከሆነ በስልክ እንዲያልቅ፣ ስንቴ እንደሚመጣና በስንት እንደሚመጣ በመጀመሪያው ቀን እንዲናገር ተስማማን። እኔ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

የላቦራቶሪው ውጤት ሌላ ታሪክ ነው። ባጭሩ፣ የፊት ቀኙ ጡት ቦቄ ለወሊድ ስትነጥፍ ነው በደንብ የሚታከመው ተባልን።

ከፋሲካ በኋላ ጊደሯ ተቅማጥ ያዛት። ዶክተሩ ደወለ፦ «ማዘር፣ ልምጣ ወይስ በቪዲዮ ያሳዩኛል?» እናቴ ኮራ ብላ «እልክልሃለሁ» አለችው፣ ወንድሜ ስላልነበረ ራሷ ቀረጸች፣ በቴሌግራም ላከች። ለእኔም ልካልኛለች። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ሙሉ የእናቴ አውራ ጣት ነው፣ ከበስተጀርባ ደግሞ «ቁሚ፣ ቁሚ አንቺ» የሚል ድምፅ።

«እመጣለሁ» አላት።

«ስንት ነው ታዲያ?»

«600 ነው ማዘር፣ ቤንዚን ጨምሯል።»